ውዳሴ ምዘና

የኢኮኖሚክስ ተማሪ በግቢ ቆይታው ምን ያህል እንደ ተማረ የሚለካበት መንገድ ተበላሽቷል የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። እኔ ግን ለጥቂት ዓመታት ጠመኔ እንደ ያዘና ወረቀት ሲያርም እንዳመሸ ሰው ይህን ሐሜት በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም፤ ምዘናችን እንከን ቢኖርበት ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ማንም ሳይነካው ባልኖረ ነበር።

አስቀድሞ ተከታታይ ምዘና ይመስገን። ከመቶው ግማሽ ያህሉ ሴሚስተሩን ሙሉ በሚሰጡ አጫጭር ፈተናዎችና የቤት ሥራዎች መሞላት አለበት ተብሏል። እኛም ሁሉንም በመጨረሻው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አንድም ቀን ሳናቋርጥ እንሰጣለን። ከዚህ የበለጠ ተከታታይ ከየት ይመጣል?

ዘውዱ ግን ግሩፕ አሳይመንት ነው። አንድ መምህር ስልሳ ወረቀት ከሚያርም አሥራ ሁለት ቢያርም ይሻለዋልና፣ ውሱን ሀብትን በቁጠባ የመጠቀም መርሕ ከማንም በፊት በእርሱ ላይ ይተገበራል። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉትንም አሻሽለነዋል፤ ሸክሙን ለአንዱ ቀለሜ ትተን ጌጡን ለአምስቱ እኩል እናካፍላለን። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 የሥራ ክፍፍልን ሲያስረዳ አንዲት ስፒል ለመሥራት 18 ያህል ተግባራት እንደሚያስፈልጉ ጽፎ ነበር፤ የእኛ ልጆች በአምስት ይጨርሳሉ። አንዱ ይጽፋል፣ ሁለተኛው የማተሚያውን ይከፍላል፣ ሦስተኛው ሽፋኑን ያሳምራል፣ አራተኛው ከመምህሩ ቢሮ ያደርሳል፣ አምስተኛው ደግሞ በዋዜማው ሌሊት በቴሌግራም «ስሜን አስገባልኝ» ብሎ ይልካል። ውጤቱ ለሁሉም ከ20 18 ነው። ስለ ምን እንደ ጻፋችሁ ንገሩኝ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሰው ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማፈር የለበትም።

የማጠቃለያ ፈተናው በጽናቱ ይደነቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተፈቅዶ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲሻገር፣ ከነጋዴው እስከ ደመወዝተኛው ያልተናወጠ አልነበረም። የእኛ የማክሮ ኢኮኖሚክስ ፈተና ግን ንቅንቅ አላለም። «የብር የምንዛሪ ተመን መቀነስ ጥቅም ያልሆነው ከሚከተሉት የቱ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ፣ ከሲኒየር ወደ ጁኒየር እንደ ርስት ስትወርድ ኖራ፣ በዚያም ዓመት ቀረበች፤ መልሷም እንደ ወትሮው «ሐ» ነበር። የካፌው ሻይ ለምን እንደ ተወደደ ተማሪው በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ማስጨነቅ አላስፈለገም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም ቢሆን ሒሳብ ለሚችል ሰው ደግ ነው። ጥያቄው 100፣ ማለፊያው 50 ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ ካለው፣ 34ቱን ብቻ በእርግጥ የሚያውቅ ተማሪ ቀሪዎቹን 66 ዓይኑን ጨፍኖ ቢመታ፣ በአማካይ ከነዚህ ከ16 በላይ ስለሚያገኝ ለዲግሪው ይበቃል። በመጀመሪያው ዙር በጠቅላላው ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሆኑት ይህን ቸርነት ሳይጠቀሙበት መቅረታቸው ያሳዝናል፤ ቢሆንም እኛ የሰጠናቸው «ኤ» እና «ቢ» በየፋይሉ ውስጥ እንደ ተከበረ ይኖራል።

እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ባረምሁት ፈተና ላይ ስለ ጋራ ሀብት ከሚያወራው ምዕራፍ የወጣች አንዲት የጽሑፍ ጥያቄ ነበረች፦ «ፍሪ ራይደር ማለት ምን ማለት ነው?» የአንዱ ቡድን አራት ልጆች ሃንድአውቱ ላይ ያለውን ትርጉም፣ «ሳይደክም ከሌሎች ድካም የሚጠቀም ሰው» የሚለውን፣ ቃል በቃል ገለበጡልኝ። አምስተኛው ግን ምሳሌ ጨምሮ አብራራው፤ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።