ገለልተኛው ሜዳ የማን ሜዳ ነው?

ቅርጫት ኳስን የሚመስለው የኔትቦል ስፖርት የአውስትራሊያ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ተፋላሚዎቹ ሳይታወቁ ገንዘብ ላቀረበ ከተማ አስቀድሞ መሸጡን የሚደግፉ ሰዎች ሰሞኑን አዲስ መከራከሪያ ይዘው መጥተዋል። አንድ የቴሌቪዥን ተንታኝ፣ ቀድሞ የተመረጠ ሜዳ ለሁለቱም ተቀናቃኞች እኩል በመሆኑ አሠራሩ ገቢ ከማስገኘቱም በላይ ፍትሐዊ ነው ሲል ሰማሁት። ገንዘብ ያስፈልጋል ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል ብዬ ባለፍኩት ነበር።

እኩል የተባለው ሜዳ በ2022 የት ነበር? ፍጻሜው በ650 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ለምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ተሸጦ በግዛቱ ዋና ከተማ በፐርዝ እንዲካሄድ ሲወሰን ውድድሩ ገና አላለቀም፤ ሙሽሮቹ ሳይታወቁ አዳራሽ የተከራየ ሰርግ ማለት ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ደግሞ የሜልበርኑ ቪክሰንስና የዚያው የፐርዝ ቡድን ፊቨር ሆኑና ፊቨር በገዛ ደጋፊው ፊት 70 ለ 59 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ፊቨር ሌላ ቦታም ቢሆን ሊያሸንፍ ይችል ነበር፤ ይህን አልክድም። ሜዳው ግን ገለልተኛ የሚሆነው በዕጣ ብቻ ከሆነ፣ ያንን ፍትሕ ብሎ መጥራት በቃላት መቀለድ ነው።

በሌላ ስፖርት ነገሩ ይህን ያህል ላይከብድ ይችላል፤ በኔትቦል ግን የሜዳው ባለቤት መሆን በቀጥታ ግብ ላይ የሚያርፍ ኃይል አለው። ከአንድ ቡድን ሰባት ተጫዋቾች ወደ ቅርጫቱ መወርወር የሚፈቀደው ለሁለቱ ብቻ ነው። ቅርጫቱ 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሏል፤ ኳስ ነጥሮ የሚገባበት ሰሌዳ ከኋላው የለም። ኳሱን የያዘችው ተጫዋች ከሦስት ሰከንድ በላይ ልታቆየው አትችልም፤ ተከላካይዋም 90 ሳንቲ ሜትር ርቃ እጇን ዘርግታ ዓይኗ ላይ ትቆማለች። በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ በገዛ ሜዳዋ የምትወረውረው አዳራሹ ጸጥ ይልላታል፤ እንግዳዋ ስትወረውር ግን ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይጮኽባታል። በዚህ ላይ ግብ ማንም ያስቆጥር ማን ጨዋታው ከመሃል የሚጀመረው በየተራ ስለሆነ፣ በራሷ ተራ አንድ ኳስ የሳተች ቡድን ያንን ክፍተት የምትደፍነው በአብዛኛው ከተጋጣሚዋ በመንጠቅ ነው። የአንድ ጩኸት ዋጋ ዋንጫ ሊሆን ይችላል የምለው ለዚህ ነው፤ ይህን ጥቅም ወራት ሙሉ ተጫውቶ ያገኘውን ቡድን ነጥቆ ቼክ ለጻፈ መንግሥት መስጠት ደግሞ ውድድሩን ራሱን መካድ ነው።

በ2023 ሜልበርን ላይ የአደላይዱ ተንደርበርድስ የሲድኒውን ስዊፍትስ በተጨማሪ ሰዓት 60 ለ 59 ሲረታ ሁለቱም እንግዶች ነበሩ ይሉን ይሆናል። አዎን፣ ነበሩ። እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ልብ ያንጠለጠለ፣ በአንድ ግብ ልዩነት ያለቀ እንዲህ ያለ ፍጻሜ አደላይድ ወይም ሲድኒ ላይ ቢካሄድ ኖሮ ምን ይጎድለው ነበር? ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ወንበር የሞላው ደጋፊ ግን ለዚያች አንድ ቀን የአውሮፕላን ትኬት እንዲቆርጥ፣ ካልቻለም ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን እንዲያይ ተፈረደበት።

ሊጉ ገንዘብ ከቸገረው የሚሸጠው ሌላ ነገር ሞልቶታል፤ የወለሉን ማስታወቂያ፣ የማሊያውን ጀርባ፣ ከፈለገም የኳሱን ስም ይሽጥ። ተንታኙም ይህን ሐራጅ ብሎ መጥራት ከከበደው በሚመቸው የንግድ ቃል ይጥራው፤ ፐርዝ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ለጮኸባቸው የሜልበርን ልጆች ግን ሜዳው እኩል ነበር ብሎ አይንገራቸው።