ሳይጠሩን አቤት እንበል?

በ1974 ከፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ወደ ሕዋ የሬዲዮ መልእክት ተላከ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ሌላ ዓለም ላይ አስተዋይ ፍጡር ካለ እኛ እንጥራው ወይስ ዝም ብለን እናዳምጥ? ሁለት ጸሐፊዎች እንዲህ ተሟግተዋል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንላክ ባይዋ፦ የአሬሲቦን መልእክት ተመልከተው፣ ወንድሜ። 1,679 ነጠብጣብ ብቻ ነው። በ23 ዓምድና በ73 ረድፍ ስትደረድረው ሥዕል ይሆናል። መሀል ላይ ትንሽ ሰው ቆሟል። ከእግሩ ሥር ፀሐይና ፕላኔቶች ተሰልፈዋል። ምድር ብቻ ከሰልፉ ወጣ ብላ ወደ ሰውየው ተጠግታለች፤ «ቤቴ ይቺ ናት» እንደ ማለት። ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው የተላከው። ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

መልእክቱን ያዘጋጀው ፍራንክ ድሬክ በ1960 በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሁለት ኮከቦችን ማዳመጥ ጀምሮ ነበር። ስናዳምጥ ከ60 ዓመት በላይ ሆነን። እስካሁን የተረጋገጠ ድምፅ የለም። እነሱም እንደ እኛ ዝም ብለው እያዳመጡ ቢሆንስ? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

አንላክ ባዩ፦ አያቴ ገጠር ማታ ኮሽታ ሲሰሙ መጀመሪያ ኩራዙን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፍ አድርገው ይቆያሉ። ጅብ ይሁን ጎረቤት ሳይለዩ «ማነህ?» አይሉም። እኔም የምለው ይኼንኑ ነው፣ እህቴ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል።

ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም። የአሬሲቦው መልእክት እንደተላከ ያኔውኑ እንግሊዛዊው የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሊቅ ማርቲን ራይል ተቃውመው ነበር። በ2010 የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግም ኮሎምበስን አንስቶ አስጠንቅቋል። ኮሎምበስ ሲደርስ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን።

እንላክ ባይዋ፦ ኮሎምበስ ባሕር ነው የተሻገረው። ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር ከ1977 ጀምራ እየበረረች የራቀችው አንድ የብርሃን ቀን ያህል ነው፤ ብርሃን በአንድ ቀን የሚሄደውን ማለት ነው። ቅርቡ ኮከብ ግን ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል።

አያትህ ደግሞ ብልህ ናቸው። ግን ኩራዙን ዝቅ ቢያደርጉም ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። የምድር አየር የሕይወት ምልክት የሆነውን ኦክስጅን ከያዘ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የሩቅ ፕላኔቶችን አየር እየመረመርን ነው። እኛን የሚመረምር ካለ ጭሳችንን ድሮ አይቶታል። መደበቅ አልፎብናል።

አንላክ ባዩ፦ ጭስ ማየት ሌላ፣ «ና ግባ» መባል ሌላ። ጭሱ ሕይወት መኖሩን ይናገራል እንጂ ሬዲዮ የሚሠራ ሰው መኖሩን አይናገርም። ርቀቱም ለእኛ ነው እንጂ በሚሊዮን ዓመት ለሚቀድመን ፍጡር ምን እንደሆነ አናውቅም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የፈቃዱ ነገር ነው። በ1989 ተመራማሪዎች አንድ የስምምነት ሰነድ አውጥተዋል። ምልክት ብንሰማ እንኳ ዓለም ሳይመካከር መልስ አይላክ ይላል። ሕግ ሆኖ የሚያስገድድ ግን አይደለም። ቮዬጀር ለሌላ ዓለም ፍጡር ተብሎ የተሸከመችውን በወርቅ የተለበጠ ዲስክ እንይ። ሰላምታው በ55 ቋንቋ ነው። አማርኛ የለም። ኦሮምኛም ትግርኛም የለም። በምድር ሰው ሁሉ ስም ሲነገር እናቴን ማን ጠየቃት?

እንላክ ባይዋ፦ እሱ እኔንም ይቆጨኛል፣ እውነቴን ነው። ታዲያ ቀጣዩ ላይ «ጤና ይስጥልን» እንዲባል እንሟገት እንጂ አፋችንን ለምን እንዘጋለን? በ2017 ከኖርዌይ ትሮምሶ ወደ ሉይተን ኮከብ ሙዚቃና ሒሳብ ተልኳል። 12 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በ2030 አካባቢ ይደርሳል። የሚመልስ ካለ በ2042 ገደማ እንሰማለን። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ ያኔ ወጣት ናት። ያንን ቀን እንድታይ እፈልጋለሁ።

አንላክ ባዩ፦ የተላከው ተልኳል፤ አይመለስም። እስከዚያ ጆሯችንን አቁመን እንጠብቅ። ሌላ ከመላኩ በፊት ግን ነገሩ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ይቅረብ። እዚያ ቢያንስ የኢትዮጵያም ወንበር አለ።