ይድረስ ላልተጻፈው ዲፔንደንሲ («ይህ ከዚያ በፊት ይሠራ» ለሚለው የቅደም ተከተል ማዘዣ)

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ቢልዱ፣ ማለትም ከኮዱ ፕሮግራም የመገንባቱ ሥራ፣ ከመውደቁ በቀር ደህና ነን።

ሜክ የሚባለው የግንባታ ፕሮግራም በሚከተለው የሥራ ዝርዝር፣ በሜክፋይሉ ውስጥ፣ ስምዎን ብፈልግ አጣሁት። ሥራዎ አለመኖር ነው ለካ! «ቴስት» በሚለው መስመር ላይ «መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይሠራ» ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ማንም አልጻፈውም። ለምን ይጻፋል? ሥራው አንድ በአንድ ሲሄድ ሜክ ዝርዝሩን ከግራ ወደ ቀኝ ይከተላል። ግንባታው ይቀድማል፣ ቴስቱ ይከተላል። እርስዎም በዚች አጋጣሚ ተከልለው ዓመታት ኖሩ።

ታዲያ አንዱ ችኩል «ማይነስ ጄ 8» ብሎ አስነሳው። ስምንት ሥራ በአንዴ! ወጡ ሳይጣድ ቀማሹ ማንኪያውን ይዞ ቆመ። ቴስቱ ገና ያልተሠራ ፕሮግራም ፈልጎ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለና ወደቀ። «ክሊን» (የተገነባውን ሰርዝ) እና «ኦል» (ሁሉን ገንባ) አብረው ሲጠሩማ አይነሳ፤ አንዱ የገነባውን ሌላው ከሥር ከሥሩ ይሰርዘዋል።

በጣም የማደንቀው ግን መሰወርዎን ነው። ሰው ደንግጦ ቢልዱን ሲደግመው ይሠራል! የጠፋው ፕሮግራም በመጀመሪያው ዙር ዘግይቶም ቢሆን ተፈጥሯላ። አለቃም «ይኸው ሠራ እኮ፤ ኔትወርክ ይሆናል» ብሎ ይሄዳል። ኔትወርክ! ፕሮግራሙ የሚነበበው ከዚሁ ማሽን ዲስክ ላይ ነው።

ደግሞ ጠበቆችዎ ብዛታቸው። አንዱ ቴስቱ ፊት «ስሊፕ 5» (5 ሰከንድ ጠብቅ) ይሰካል፤ ኮምፓይለሩ በ5 ሰከንድ እንዲጨርስ ማን እንዳስማለው እንጃ። ሌላው «ኖትፓራለል» (ሥራው አንድ በአንድ ይሂድ) ለጥፎ ይገላገላል። ባለ16 ኮር ማሽን ተገዝቶ 15ቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እርስዎን አንድ መስመር ላይ ከመጻፍ ይህ ቀለለ!

ለማንኛውም ላሳውቅዎ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጂኤንዩ ሜክ 4.4 «ሸፍል» የሚባል አማራጭ አለው። ዝርዝሩን ሆን ብሎ ያዘበራርቀዋል፤ ማይነስ ጄ እንኳ ባይኖር። ቢልዱ ሲወድቅም የተዘበራረቀበትን ቁጥር ይጽፋል። ያንን ቁጥር መልሶ የሰጠው ሰው ያንኑ ቅደም ተከተል ያገኛል። ማታ ማታ የሚሮጠው ቢልድ ላይ ከዛሬ ጀምሮ አብርቼዋለሁ። ቁጥሩ እንደተገኘ አለቃ ፊት ቀርበው አንዴ እንዲወድቁልን በትሕትና እንጠይቃለን።

አክባሪዎ