ግድግዳ አፍራሾቹ ባለውለታዎቻችን

እጃቸው ይባረክ! የድሮ የመድረክ ኮሜዲ ወደ ፊልም ሲዛወር መጀመሪያ የሚፈርሰው ግድግዳው ነው። ደራሲው ሦስት ገቢር ሙሉ ሰዎቹን አንድ ሳሎን ያጎራቸው ለካ ሌላ ቤት አጥቶ ኖሯል። ዳይሬክተራችን ግን ቸር ነው፤ ፈረስ ያስጋልባቸዋል፣ ጀልባ ያሳፍራቸዋል፣ አማቲቱን ከሰማይ በድሮን ይቀርጻታል። ማምለጫ ስላጡ ነበር የሚያስቁት፤ ይኸው መስኩ ተከፈተላቸው፣ ተነፈሱ።

የበሩ ነገርማ ለብቻው ይመስገን። መድረክ ላይ ባል በግራ በር ሲገባ ውሽማው ቀኝ ጥግ ካለው ቁም ሳጥን እግሩን እየሰበሰበ ነው፤ ተመልካቹ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያል፣ ባል አያይም። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤዲተራችን እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት አይወድም። የበሩ እጀታ፣ ቁረጥ። የባል ጫማ፣ ቁረጥ። የውሽማው ላብ በክሎዝ አፕ፣ ቁረጥ። ሁለቱ አንድ ፍሬም ውስጥ ስላልገቡ ይገናኙ ይሆን የሚል ጭንቀት የለም፤ ላቡ ግን ጠብታው ሳይቀር ይቆጠራል። በሰፊ ሾት ሳይቆርጡ ቢይዙትማ ተዋንያኑ እርምጃቸውን እስኪያስተካክሉ ደጋግሞ ማለማመድ ሊመጣ ነው። ማን ይደክማል?

ደግሞ የተዋናዩ ቅንድብ አለ። መጨረሻ ረድፍ ለተቀመጠ ሰው ተብሎ የተነሳ ቅንድብ፣ ልኩ ሳይቀነስ ሸራው ላይ ሲወጣ የጎተራ ክዳን ያክላል። ጥበብ ተትረፈረፈ።

የመድረክ ተዋናይ ቀልዱን ከጣለ በኋላ ሳቁ ጣሪያ ነክቶ መውረድ ሲጀምር ነው ቀጣዩን ቃል የሚያወጣው። ካሜራ ፊት የሚጠብቀው ሳቅ የለም። ስለዚህ አንዱ ሊቅ ክፍተቱን እንዳለ ይተወዋል፤ ተዋንያኑ የሚሉት ቃል እንደጠፋው ሰው ይተያያሉ። ሌላው ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሁለተኛው ቀልድ በመጀመሪያው ሳቅ ተውጦ ይቀራል። ከመድረክ ወደ ፊልም የተሻገሩት አሜሪካውያን ኮሜዲያን፣ የማርክስ ወንድማማቾች፣ ለ1935ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልማቸው ትዕይንቶቹን አስቀድመው በየቴአትር ቤቱ እየዞሩ ሕዝብ ፊት ሞከሩ፤ ሳቁ የሚወስደውን ጊዜም አስለኩ። በ1929ኙ ፊልማቸው ደግሞ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ማይክሮፎኑ ቃላቸውን እንዳይሰማ ስላደረገ ወረቀቱን ውሃ ነክረው ቀረጹ። ምን ያለ ልፋት! የዛሬዎቹ አንድ አስቂኝ ክላርኔት ከበስተ ጀርባ ይነፉና ያርፋሉ፤ «አሁን ሳቁ» ማለት ነው።

መጨረሻውን ማስተካከልም የቆየ ውለታ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» በተባለው ኮሜዲው አበባ ሻጯን ከንግግር አስተማሪዋ ጋር አላጋባም አለ፤ ሰዉ አልሰማ ሲለው ማንን እንደምታገባ ጭምር ጽፎ አሳተመ። በ1938ቱ ፊልም ልጅቷን ወደ አስተማሪዋ ቤት መለሷት። የስክሪፕቱን ኦስካር ሲሰጡ ሾውንም አልረሱትም።