ፊደሉን ኮምፒውተሩ ይማር

«ሲስተሙ ምንም ችግር የለበትም፤ አንባቢው ነው መፈለግ የማያውቀው።» ይህን ሰሞኑን በአንድ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ከአንድ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ሲስተም የሚሉት መጽሐፍ የሚፈለግበትን የኮምፒውተር ካታሎግ ነው። መፍትሔ ያሉት ለተማሪዎች የአንድ ቀን ስልጠና መስጠትና ከኮምፒውተሩ አጠገብ «በትክክለኛው ፊደል ይጻፉ» የሚል ማሳሰቢያ መለጠፍ ነው። ማሳሰቢያው ተለጥፏል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

እሺ፣ ትክክለኛው ፊደል የቱ ነው? «ኃይለ ሥላሴ»ን እንውሰድ። ሰው መነሻውን በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ይጽፈዋል። 6 ሆነ። «ሥላሴ»ን በሥ ወይም በስ ይጀምራል፣ በሴ ወይም በሤ ይጨርሳል። 24 ደረሰ። አንዱ ሁለቱን ቃል ያጣብቃል፣ ሌላው ይለያል። 48! ለጆሮ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን 48 የተለያየ ነገር ነው።

ማሳሰቢያውን ላይ በሄድኩበት ቀን አንዲት ተማሪ ይህንኑ ስም ስትፈልግ አጠገቧ ቆሜ ነበር። በሀ ጻፈች፤ «ምንም አልተገኘም»። በሃ ሞከረች፤ ያው ነው። ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል አንድ አዛውንት ሠራተኛ «ምን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?» አሏት። ነገረቻቸው። ወደ መደርደሪያው ሄደው መጽሐፉን ይዘውላት መጡ። 2 ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እንግዲህ መፈለግ የማታውቀው እሷ ናት?

ኃላፊው ሌላም አሉ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ከቆጠርን ቋንቋው ይበላሻል አሉ። ይሄ ጭራሽ ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው። መዝገቡን ቀይሩ ያለ ማን አለ? ሽፋኑ ላይ በኃ ከተጻፈ በኃ ይመዝገብ፣ በኃ ይታይ። ፍለጋው ብቻ ሀን፣ ሐንና ኀን አይለይ፤ ሠንና ሰን፣ ዐንና አን፣ ፀንና ጸን አይለይ። በእንግሊዝኛ የሚፈልግ ሰው በትልቁም ፊደል ጻፈ በትንሹ፣ መጽሐፉ ይመጣለታል። በዚህ ምክንያት እንግሊዝኛ ተበላሸ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቋንቋን የሚጎዳው ባለቤቱ በገዛ ፊደሉ ፈልጎ ማጣቱ ነው። ዛሬ ያጣ ተማሪ ነገ በእንግሊዝኛ ይፈልጋል፤ በእንግሊዝኛ ያነባል።

በጀት የለም እንዳይባል፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚጠቀሙበት ኮሃ በነጻ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እኩል ይቆጠር የሚለው የሚወሰነው በማስተካከያ ፋይል ነው። ባለሙያው ፊደሎቻችንን ይጨምርና ካታሎጉን እንደገና ኢንዴክስ ያደርጋል፤ ማለትም የፍለጋ ማውጫውን እንደ አዲስ ያዘጋጃል። አለቀ። ፊደላችን ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እኮ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

ፊደሉ ቢስተካከል እንኳ «የኢትዮጵያ»ና «ስለኢትዮጵያ» ለሲስተሙ ሁለት ባዕድ ቃላት ናቸው። የአባት ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ከፊት ተደርጎ የተመዘገበበትም ሞልቷል። እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አንባቢውን መውቀስ የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ክሪስቲን ቦርግማን በ1986 (እ.ኤ.አ.) «የኦንላይን ካታሎግ ለምን አስቸጋሪ ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ከ10 ዓመት በኋላ «አሁንም» የምትል ቃል ጨምረው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። ካታሎጎቹ ሲሠሩ ሰው በእውነት እንዴት እንደሚፈልግ በቂ ግንዛቤ አልተያዘም ነው ያሉት። ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ሠሪው ነው።

ስልጠና አይጠቅምም አልልም። ግን 48 ዓይነት አጻጻፍ በስልጠና አይሸመደድም።

ኃላፊው ሌላ ስብሰባ ከመጥራታቸው በፊት ግማሽ ቀን ከዚያ ኮምፒውተር አጠገብ ይቀመጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ተማሪው የጻፈውን ቃል ልክ እንደጻፈው ይመዝግቡ፤ «ምንም አልተገኘም» ሲል ደግሞ ተነስተው መደርደሪያውን ይዩ።