ክኒኑ ነው ወይስ ክኒኑን የሚውጠው ሰው?

ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን የተባለ መድኃኒት በካንሰር መሞትንም ይቀንሳል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። አባባሉ መነሻ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዴንማርክ ጥናት፣ ካንሰር ከመገኘቱ በፊት ስታቲን ይወስዱ የነበሩ ታማሚዎች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ15 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ግን ይህ ከመዝገብ የተለቀመ መረጃ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚውጥ ሰው ሐኪሙንም ቶሎ ቶሎ የሚያይ ነው፤ እኔ ራሴ ደም ግፊቴን በየጊዜው መለካት የለመድኩት ክኒኑን ስጀምር ነው። ሰዎች በዕጣ ተመድበው ገሚሱ መድኃኒቱን የወሰዱባቸው፣ ገሚሱ ያልወሰዱባቸው ሙከራዎችስ? ስሞል ሴል በሚባለው የሳንባ ካንሰር ለተያዙ 846 ሰዎች በተደረገ ሙከራ፣ ከስታቲን ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፕራቫስታቲን ከኬሞቴራፒ ጋር ቢሰጥም ዕድሜ አላራዘመም። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለለው? ስታቲን በቤተ ሙከራ በካንሰር ሕዋሳት ላይ ያሳየው ውጤት ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ እዚያ ሕዋሳት ላይ የሚጨመረው መጠን ብዙ ጊዜ በሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። እኔ ክኒኔን የምውጠው ለልቤ ብቻ ነው።