የድሬዳዋ ቆሻሻ በማን እጅ ይደራጅ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ከቤት እስከ መድፊያ ያለው ሥራ የጭነት መኪና ላለው አንድ ተቋራጭ ይሰጥ፣ ወይስ በሰፈር ማኅበራትና በቆራሌዎች ላይ ይመሥረት?

ለተቋራጭ ይሰጥ የሚሉት፦

ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ በመሆኑ፣ በዳርቻው ፌስታሉን የሚወረውር ሰው የጣለው ነገር ለማንም የሚተርፍ አይመስለውም። ጎርፉ ግን የሚነሣው ከደንገጎ ተራሮች ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የፈጀውም በሌሊት በዚሁ መንገድ ነበር የደረሰው። ያንን ጎርፍ ቆሻሻ አመጣው አልልም፤ የወንዙ መንገድ አይታፈን ነው የምለው። አንዱ ከቤት ሰብስቦ ገንዳ ዳር ሲያራግፍ፣ ሌላው ገንዳውን ሲያነሣ፣ ሞልቶ ሲፈስ የሚጠየቅ አይገኝም። በመድፊያ ላይም ሰው እየለቀመ ሊኖር አይገባም፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተናደው ክምር ከ100 በላይ ሰው ቀብሯል።

በማኅበራት ይመሥረት የሚሉት፦

ቆሼን ለእኔ ክርክር እወስደዋለሁ፤ ክምሩ ያን ያህል ያደገው ከቤት ሲወጣ ያልተለየው ሁሉ እዚያ ስለተደፋ ነውና። ተቋራጭዎ በጫነው ቶን ልክ የሚከፈለው ከሆነ፣ ብዙ በቀበረ ቁጥር ብዙ ያገኛል።

የእኛ ከተማ ቆሻሻ ምን እንደሆነ ከቀትር በኋላ በቀፊራ ገበያ ያለፈ ያውቀዋል። ገረባው (የጫት ትራፊው) ለብቻው ቢቀመጥ ለፍየል ይሆናል (ፍየሎቻችን ማንም ሳያዛቸው ሥራውን ጀምረውታል)፣ የተረፈው ከምግብ ትራፊ ጋር በስብሶ ኮምፖስት ይሆናል። ከሃይላንድ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ግን ሃይላንዱ ተለውሶ ዋጋ ያጣል፣ ገረባውም ለፍየል አይሆንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ ዳግም የሚያገለግለውን ከሚደፋው እንዲለይ ደንግጎ ነበር፤ ቆራሌው እስኪጣራ ጠርሙሷን የምታጠራቅም እናት ሕጉን ሳታነብ ትፈጽመዋለች።

ለተቋራጭ ይሰጥ የሚሉት፦

በቶን መክፈል ስሕተት መሆኑን እቀበላለሁ። ይሁንና ቆራሌ የሚወስደው የሚሸጠውን ብቻ ነው። ዳይፐሩን ማን ያነሣል? ወርሃዊ ክፍያ የማይከፍል ቤትስ?

በማኅበራት ይመሥረት የሚሉት፦

ክፍያው እንደ አዲስ አበባ ከውኃ ሂሳብ ጋር ይሰብሰብ፤ ማኅበሩም በር ለበር ሳይለምን ለዳይፐሩ ጭምር ይከፈለው። ገንዳውንና መድፊያውን ለተቋራጭዎ እተውለታለሁ። ነገር ግን በመድፊያው የሚለቅሙት ሰዎች ተመዝግበው በማኅበራቱ ውስጥ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መድፊያው እንዳይታጠርባቸው፣ ይህም በውሉ ላይ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።